ዘጠኝ የድንጋይ ደረጃዎች

ሳን ሆዜ ውስጥ አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ እንከባከብ ነበር። በወጣትነታቸው አናጢ ነበሩ። ከከተማው በላይ ተራራው ላይ ያለው የቡድሂስቶች ገዳም ሲመሠረት አዳራሹን ከሠሩት ሰዎች አንዱ እሳቸው ናቸው። «ሳልሞት አንዴ ልየው» ሲሉኝ አንድ ሐሙስ በመኪናዬ ይዣቸው ወጣሁ።

መንገዱን ሙሉ አወሩልኝ። መጀመሪያ እዚያ የነበረው አሮጌ የከብት በረት ብቻ ነው። መነኮሳቱ ክረምቱን በድንኳን አሳለፉ። ለአዳራሹ የሚሆነውን ግንድ ሪችመንድ ወደብ አጠገብ ከፈረሰ መጋዘን አመጡ።

«አንድ ሚስማር የለበትም» አሉኝ፣ የአንድ እጃቸውን ጣቶች በሌላው መሀል እየሰኩ። «እንጨቱ እንዲህ ይነካከሳል። ምድር ስትንቀጠቀጥ አብሮ ይወዛወዛል እንጂ አይሰበርም።»

ስንደርስ ከአዳራሹ በፊት ዘጠኝ የድንጋይ ደረጃዎች አሉ። ተደግፈው የሚራመዱበት ወከር እዚያ አይሠራም። እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ይቅርታ» አልኳቸው፣ «እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ። እዚህ ቤት አልገባም።»

«ደረጃውን ብቻ» አሉ።

እጄን አልዘረጋሁም። ትንሽ ጠበቁኝ። ከዚያ ጀርባቸውን ለአዳራሹ ሰጥተው የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ተቀመጡ፤ በእጃቸው ራሳቸውን እየገፉ፣ በመቀመጫቸው አንድ በአንድ ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። እኔ ወከራቸውን ይዤ ቆሜ አያለሁ። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ አንዲት አሮጊት መነኩሲት ሮጠው መጡና በብብታቸው ሥር ገብተው አነሷቸው። በተከፈተው በር በኩል ሽማግሌው ምሰሶውን እንደ ፈረስ አንገት ሲያሻሹት አየሁ።

እሑድ ኦክላንድ፣ ጉባኤያችን ፊት ምስክርነት ሰጠሁ። «ጣዖት ቤት ደጃፍ ድረስ ሄጄ አልገባሁም» አልኩ። ስለ ደረጃው አልተናገርኩም። እልል ተባለልኝ።

ሰኞ ሥራ ስገባ ሽማግሌው እየጠበቁኝ ነበር።

«ልጄ፣ አስቸገርኩሽ። ሃይማኖትሽን አስቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ምንም አይደል» አልኳቸው። ይቅርታ አድራጊዋ እኔ ሆንኩ! ያቺን ቃል ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም ፊቴ ይግላል።

በጸደይ ዐረፉ። ልጃቸው ለመታሰቢያው ጠራችኝና ጫማዬን አውልቄ አዳራሹ ውስጥ ገባሁ። እንዳሉትም ጣራውን ቀና ብዬ ሳየው ግንዶቹ እርስ በርስ ተነካክሰው ቆመዋል። ልጃቸው መጥታ አቀፈችኝ።

«አባዬ እዚህ ይዘሽው የመጣሽበትን ቀን እስኪሞት ድረስ ሲያወራው ነበር።»

«ደረጃውን እንዴት እንደወጡ ነገሩሽ?»

«አንቺ ደግፈሽው ነዋ።»

«አይደለም» አልኩና ሁሉንም ነገርኳት። እጇን ቀስ ብላ ከትከሻዬ ላይ አነሳች። በበሩ በኩል ደረጃውን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ» አለችኝና ወደ እንግዶቿ ሄደች።