እናቴ አምባዛ ስታጎርስ

ያን ሰሞን እናቴ እኔ ቤት ሶፋ ላይ ሆና፣ ስልኬን ትቀበለኝና አንዲት ቪዲዮ ደጋግማ ታይ ነበር። ከትልቅ መርከብ የወረዱ የሩቅ አገር ሰዎች እስከ ደረታቸው ባሕር ውስጥ ቆመው፣ ክንፍ ያለው የሚመስል ጠፍጣፋ ዓሣ በእጃቸው ያበላሉ። ዓሣው ሆዳቸውን እየታከከ ያልፋል። ጅራቱ ላይ መርዘኛ እሾህ አለው ይባላል፤ እነሱ ግን ይሳሳቃሉ። እናቴ አትስቅም። «ምንድን ነው የሚያጎርሱት?» ትለኛለች። አላውቅም እላታለሁ። እንደገና ከመጀመሪያው ታየዋለች።

ከትንሿ ከተማዋ ከዱርቤቴ ያመጣኋት ክረምቱ ሲገባ ነው። ጉልበቷ እንቢ ብሏት፣ ጓሮዋ ድረስ ለመሄድ ግድግዳ መያዝ ጀምራ ነበር። ወንዛዬ ፍል ውሃም ወስጃታለሁ፤ ውሃው ደስ አላት፣ ጉልበቷ ግን ያው ነው። ስለዚህ ባሕር ዳር ከእኔ ጋር እንድትኖር ወሰንሁ። የወሰንሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ያለችው «እስቲ እናያለን» ብቻ ነው። ዱርቤቴ ያለውን ቤቷን የሚከራይ ሰው አግኝቼ፣ ሰኞ ቁልፉን ልሰጠው ተስማምተናል። የቀረው የእሷ እሺታ ነበር።

እሺታዋ ግን አልመጣ አለ። አትቆጣ፣ አታኮርፍ። ውሃ ሳቀብላት «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። ምሳ ሲቀርብ ጥቂት ትቀማምስና «ጠገብሁ፣ ተባረኪ» ብላ እጇን ትሰበስባለች። ወጥ ቤት ብቅ ካለች ሠራተኛዬ ወንበር ይዛ ትሮጣለች፤ እኔም «አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ» እላታለሁ። በገዛ እናት እንደ ባዳ መመስገን እንዴት እንደሚያናድድ የደረሰበት ያውቀዋል። እኔ ደግሞ ስናደድ ይበልጥ መንከባከብ እጀምራለሁ፤ ጠባዬ ነው።

ቪዲዮውን አብሬያት ሳይ አንድ ሰው ትዝ አለኝ። ሐይቁ ላይ ሰው ለሽርሽር የሚያመላልስ፣ ጀልባውን በገዛ እጁ የሠራ፣ ከሐይቁ ዳር ሙስሊም ቤተሰቦች የተወለደ ጎልማሳ ነው። ዓሣ አጥማጆች ዓሣ በሚያጸዱበት አንድ ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ላይ አምባዛዎችን አልምዶ ከእጁ ያበላቸዋል ሲባል ሰምቻለሁ። ቅዳሜ እወስዳታለሁ፤ ሐይቁን ታያለች፣ ባሕር ዳርን ትወዳለች፣ እሺ ትለኛለች። ሐሳቤ ይኸው ነበር።

ዓርብ ማታ ዱቄት ጠየቀችኝ።

«እማዬ፣ ምግባቸውን ሰውየው ያመጣል» አልኋት።

«ታዲያ ባዶ እጄን ልሂድባቸው?»

እኔንም ሠራተኛዬንም ከወጥ ቤት አስወጥታ፣ ምድጃውን ተደግፋ ቂጣዋን ጋገረች።

ጥቅምት ነበር። ጧት ሐይቁ ዝም ብሏል። ሰማዩና ውሃው አንድ ዓይነት ግራጫ ስለነበሩ ጀልባው በየትኛው ላይ እንደሚሄድ ያጠራጥራል። ከጭጋጉ ውስጥ ታንኳ ብቅ ይልና ድምፅ ሳያሰማ ተመልሶ ይጠፋል። በእንቅልፍና በንቃት መካከል ያለሁ መሰለኝ። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ቂጣውን በጨርቅ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛለች።

ዳርቻው ጋ ስንደርስ ጀልባ ነጂው ሞተሩን አጠፋና ውሃውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። መጀመሪያ ጥላ መጣ። ከዚያ ጥላው ሰፊ ራስና ረጃጅም ጢም አወጣ። ሌላም ተከተለ፣ ሌላም።

«ትበሏቸዋላችሁ?» አለችው እናቴ።

«እነዚህንስ አንነካቸውም፤ ለምደውናል።»

«እኛም ቅርፊት የሌለው ዓሣ አንበላም።»

«እንግዲያማ አይፈሩዎትም፣ እናቴ። ይግቡ። በጎናቸው እሾህ አላቸው፤ አይያዟቸው እንጂ ራሳቸው ይመጣሉ።»

እሱ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው ይዘን ከነቀሚሷ አወረድናት። ውሃው ወገቧን ሲያልፍ እጄን ገፋ አደረገችው። «ልቀቂኝ» አለች። ለቀቅኋት። እናቴ ቆመች። ከዚያ አንድ እርምጃ ሄደች፣ ደገመችው። ግድግዳ የለ፣ ዱላ የለ፤ ውሃው ተሸክሟት ቀስ እያለች ትራመዳለች፤ ቀሚሷ ተነፍቶ ዙሪያዋን ይንሳፈፋል።

ቂጣዋን ቆርሳ እጇን ውሃ ውስጥ ዘረጋች። አንዱ አምባዛ ጢሙን መዳፏ ላይ አንሸራትቶ ወሰደላት።

«ጥርስ እንዳላወጣ ሕፃን ነው የሚጎርሰው» አለች ወደ እኔ ሳትዞር። ዓሣው ሊሄድ ሲል ሌላ ቆረሰችለት። «ወዴት ነው? በአንድ ጉርሻ? በሞቴ፣ ይችን ብቻ።»

ተመልሶ መጣ። ለቂጣው ይሁን ለልመናዋ እሱ ያውቃል። ብዙዎቹ ከበቧት፤ እሷም ቤቷ ድግስ ያለ ይመስል ሥራ በዛባት። «አንተ በልተሃል፣ ዞር በል፤ ያችኛዋ አልደረሳትም። ነይ፣ አትፈሪ፣ ቤትሽ ነው።»

እኔ ራቅ ብዬ በጀርባዬ ተንሳፈፍሁ። ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ስለሆነ የእናቴ ድምፅ ከሩቅ፣ ከሌላ ክፍል የሚመጣ ይመስላል። አንድ ለስላሳ ገላ ከጀርባዬ ሥር ታክኮኝ አለፈ፤ አልደነገጥሁም። ዓይኔን ስጨፍን ዱርቤቴ ነበርሁ። የገበያ ቀን ነው፤ ቤታችን ከገጠር በመጣ ሰው ሞልቷል፤ እናቴ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረች በሞቴ፣ አፈር ስሆን ትላለች፤ ራሷ መቼ እንደምትበላ አይታወቅም። እኔ ሶፋ ላይ አስቀምጬ አርፈሽ ተቀመጪ የምላት ይችኑ ሴት ነው። ዓይኔን ስገልጥ ጭጋጉ ተነስቶ፣ ውሃው አብርቶ ነበር።

ቂጣው ሲያልቅ ጨርቁን አራግፋ ባዶ መሆኑን አሳየቻቸው። እነሱም አንድ በአንድ ወደ ጥልቁ ሄዱ። ስናወጣት ጉልበቷ እንደገና ከዳት፤ ሁለታችንም ታቅፈን ጀልባው ላይ አስቀመጥናት።

በመንገድ ላይ ደረቅ ጋቢ ደርቤላት፣ ሳምንቱን ሁሉ ሳዘጋጀው የነበረውን ንግግር ጀመርሁ።

«እማዬ፣ እዚህ ብትኖሪ እኮ በየሳምንቱ አመጣሽ ነበር።»

ባዶውን ጨርቅ ጨምቃ አጣጠፈችው።

«ቤትሽ ደግ ቤት ነው» አለችኝ። «አንዲትም ነገር አልጎደለብኝ። ግን ልጄ፣ በእንግድነት መሞት አልፈልግም።»

«ጉልበትሽስ?»

«እየዳህሁም ቢሆን ደጄ የመጣውን አበላለሁ።»

ልከራከራት አፌን ከፈትሁ፤ እንባዬ ቀደመኝ። እሷም እንባዬን አይታ እርጥብ እጇን እጄ ላይ አደረገች። ከተማው ከፊታችን መታየት ሲጀምር ስልኬን አውጥቼ ተከራዩ ጋ ደወልሁ። ሰውየው ደስ ብሎት ሰኞ በስንት ሰዓት ቁልፉን እንደሚረከብ ይጠይቀኝ ጀመር።

«ይቅርታ» አልሁት፤ «ባለቤቷ ልትገባበት ነው።»