መጋላ ላይ ፍሬን ሲፈተን

በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ ውስጥ ቀበሌያችን አንድ ቀን ብድግ ብሎ የብስክሌት ፍሬን ሁሉ ይፈተን አለ። ፍሬኑ የማይዝ ብስክሌት ቀበሌው ግቢ ገብቶ ይቀራል ተባለ፤ እዚያ የገባ ዕቃ ሲወጣ ደግሞ ያየ ሰው የለም። እኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር የምሠራው። ብስክሌቴን ከወሰዱብኝ በዚያ ሐሩር በእግሬ ልመላለስ ነው። ፍሬኔን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ሲፈልግ ይይዛል፣ ሲያኮርፍ አይይዝም።

ፈተናው መጋላ ሰፈር ውስጥ፣ ወደ ደረቁ ወንዝ አሸዋ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነበር። ፈታኙ በቅርቡ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ነው። ከታች ይቆምና ተፈታኙ በኖራ የተሰመረው መስመር ላይ ሲደርስ «ያዝ!» ይላል። ከእኔ በፊት የወረዱት ሁሉም ወንዶች ስለነበሩ ነገሩ ያለ እንከን ሄደ።

ተራዬ ደረሰና ወረድኩ። «ያዢ!» አለ። ያዝኩ፤ ፍሬኑ ግን አኩርፏል። መስመሩ አጠገብ አንዲት ሶማሌ ጨርቅ ሻጭ ተቀምጣ ነበር። «ያዢ» ሲል የታዘዘችው እሷ መስሏት ተነሣችና የኋላ መቀመጫዬን ጨምድዳ ያዘች። ብስክሌቷ ቀጥ አለች።

«ማን ያዢ አለሽ?» አላት ፈታኙ።

«አንተ ነሃ። ያዢ አልክ፣ ያዝኩ።»

አንቱታ የለመደው ሰውዬ ፊቱ ቀላ። ድሬ ውስጥ ሁሉም «አንተ» መሆኑን ገና አልነገሩትም።

«ለሷ ነው ያልኩት። ሁልጊዜ አንቺ ልትይዥላት ነው?»

«ታዲያ የት እሄዳለሁ አቦ? ሱቄ እዚሁ ነው።»

ሰዉ ሳቀ። ፈታኙ እንደገና ውረጂ አለኝ። ሴትየዋን እጇን ወደ ኋላ አስደረጋት። አፉንም አላመነውም መሰል፣ አሁን በእጄ ነው ምልክት የምሰጠው አለ።

ወረድኩ። እጁን አነሣ። ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሌ ጨመቅሁት፤ ወይ ፍንክች። መስመሩን አልፌ በቀጥታ ወደሱ ስመጣበት መሪዬን በሁለት እጁ ግጥም አድርጎ ያዘው። ተያይዘን አቧራው ላይ ቁጭ አልን።

«አየህ?» አለችው ሴትየዋ፣ እጇ ወደ ኋላ እንደሆነ። «ማንም ያዝ ሳይልህ።»

ፈታኙ የጨበጠውን መሪ ቁልቁል አየ። ከዚያ ሳቁ አመለጠው። ብስክሌቷን አቃንቶ ሰጠኝና «ሠሪ ጋ ውሰጃት፤ ግን ገፍተሽ» አለኝ።

ብዙ ነድቻታለሁ። ከነዳሁባቸው ቀናት ሁሉ ግን የገፋሁባት ያች ቀን ትበልጥብኛለች።