የሻምበሉ ፎቶዎች እና የአዋሽ ሙቅ ውሃ

የአክስቴ ባል የአየር ኃይል ሻምበል ነበር። ባገኘው ትርፍ ጊዜ ሁሉ ፎቶ ያነሳል፤ ጀት፣ ሄሊኮፕተር፣ ክንፍ ሥር ተጋድመው ብሎን የሚያጠብቁ መካኒኮች። ከሰሜን ግንባር አልተመለሰም፤ አስከሬኑም አልመጣም። አክስቴ ዱብቲ የጥጥ እርሻው ቢሮ ጸሐፊ ነበረችና የፎቶ ሣጥኑን አልጋዋ ሥር አኖረችው። ወንዙ ሞልቶ ቤቷ ሲገባ ሣጥኑ ራሰ። ውሃው ሲሸሽ ደግሞ ሙቀቱ አደረቀው፤ ፎቶዎቹ ተጣብቀው እንደ ጡብ ሆኑ።

ሣጥኑን ታቅፋ በጥጥ መኪና፣ ዛሬ ሰመራ የቆመችበትን ያኔ ግን ድንጋይና ንፋስ ብቻ የነበረውን ሜዳ አቋርጣ አዋሽ እኛ ቤት መጣች። ፎቶ አንሺ ፍለጋ ወደ ደብረ ዘይት የምትቀጥልበት የይለፍ ወረቀት ግን ተከለከለች። ጎረቤታችን የባቡር ሠራተኛ እዚያ ያለ ፎቶ አንሺ ጠይቆላት ተመለሰ፤ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ራሱ ይላቀቃል ብሏል አላት።

ለአውሮፕላኖቹ ብዙም ግድ አልነበራትም። ካሜራውን የሚይዘው ሁልጊዜ እሱ ስለነበር ሣጥኑ ውስጥ እሱ ያለበት ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ ጓደኛው ያነሳው። ሌላው የሱ ፎቶ ሁሉ በጎርፉ ሄዷል። ያ አንዱ ከጡቡ መሃል የት ቦታ እንዳለ ግን አታውቅም።

ከበርሜል ውሃ ቀድተን ዘፈዘፍነው። ላይኛው ፎቶ ወዲያው ለቀቀ። ደስ ብሎኝ በጫፉ ሳነሳው ወረቀቱ ብቻ እጄ ላይ ቀረ። ጀቱ እንደ ወተት ስልባቦት ውሃው ላይ ተንሳፈፈ፤ ክንፉ ተጨማደደ፣ ከዚያ ተበጣጠሰ። አክስቴ ጡቡን ነጥቃኝ በቀሚሷ ጠቀለለችው። የፎቶ አንሺው ውሃ የደብረ ዘይት ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ፀሐይ ያሞቀው የኛ በርሜል ውሃ ግን ሻይ ባይፈላበትም ልብስ ያጥባል። ይህን ያሰብነው ጀቱ ከጠፋ በኋላ ነው።

ማዶ ያሉት የወሎ ሰው ሆቴላቸው ውስጥ በላምባ የሚሠራ ፍሪጅ ነበራቸው። በረዶ ልለምን ሄድኩ። ገጣሚ መሆኔን ስለሚያውቁ፣ ግጥሙም ቀለጠብህ እንዴ ብለው ሳቁብኝ። ነገሩን ስነግራቸው ግን ለስላሳውን ሁሉ ከበረዶው አውጥተው በባልዲ ይዘው ራሳቸው መጡ።

"አብሽሪ፣ እህቴ" አሏት። "አላህ ያውቃል።"

በበረዶው ውሃ ፎቶዎቹ በቀስታ መላቀቅ ጀመሩ። በቀጭን ቢላዋ እየለየሁ ገመድ ላይ ሰቀልኩ። አንድ ሄሊኮፕተር ሙሉውን ወጣ። ጭንቅላት የሌለው መካኒክ ወጣ። ማኮብኮቢያ፣ ባዶ ሰማይ፣ እንደገና ባዶ ሰማይ። እያንዳንዱን ባነሳሁ ቁጥር አክስቴ ትንፋሿን ትይዛለች፤ የሱን ፊት ስታጣ ትለቀዋለች።

ጡቡ ሲጋመስ በረዶው አለቀ። ውሃው ጣቴ ላይ ለብ ሲል የሚቀጥለው ፎቶ ጥግ ተንሸራተተ። የወታደር ካልሲና ጫማ ታየ፤ ከላዩ ያለው ገና ተጣብቋል።

"ነገ ሌላ በረዶ አደርግላችኋለሁ" አሉ ባለ ሆቴሉ።

"እሱ ነው፣ ጫማውን አየሽ?" አልኳት። "ትንሽ ብቻ ልሞክር።"

እጄን ይዛ ቢላዋውን አስጣለችኝ። "ማንም ሊሆን ይችላል" አለች። "ተው፤ ነገም ይቅር። ሰሜን ላይ ሞቷል ብለው ነገሩኝ፣ ዝም አልኩ። እዚህ ደግሞ በገዛ እጄ አላጠፋውም። እስካልተከፈተ ድረስ እዚህ ውስጥ አለ።"

የቀረውን ጡብ በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛው ገባች። ገመድ ላይ የደረቁትን አውሮፕላኖች እኔ ሰበሰብኳቸው፤ አንዴም ዞራ አላየቻቸውም።