በሽተኛዋ እኔ ነኝ

መንቀጥቀጡ የጀመረኝ አስሜ ከባሰብኝ በኋላ ነው። ሞያሌ ውስጥ፣ በኬንያ በኩል፣ ገበያው ላይ ጨርቅ እሸጣለሁ፤ ሽቲ፣ ሌሶ፣ ሻሽ። ዝናብ በቀረበት በዚያ ዓመት አቧራው ከመንገዱ ተነስቶ በቀጥታ ደረቴ ውስጥ የሚገባ ይመስለኝ ነበር። ትንፋሽ ሲያጥረኝ አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ፤ ሻጩ ክኒን ሰጠኝና «ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ ከመተኛት በፊት» አለኝ። ሌላ አንድ ቃል አልጨመረም።

ትንፋሼ ተሻለው፤ ሌሊቱ ግን ተበላሸ። ጋደም ስል መጀመሪያ ጣቶቼ፣ ቀጥሎ ጭኖቼ መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ። ልቤ ሰው የሚያባርረኝ ይመስል ይደልቃል። ጥርሴ እንዳይንገጫገጭ የሌሶዬን ጫፍ እነክሳለሁ። ቁጭ ብዬ እግሬን ሲሚንቶው ላይ ሳሳርፍ ትንሽ ይተወኛል፤ ስተኛ ይመለሳል። ኋላ ኋላማ ገና ሳይመሽ አልጋውን ሳየው መፍራት ጀመርኩ።

ባሌ መጀመሪያ «ብርድ ነው» አለ። ሞያሌ ላይ፣ በዚያ ሙቀት! ከዚያ ለእህቱ ነገራት። እህቱ ደግሞ ለገበያው ነገረች።

እህቱ ከሱቄ ፊት ለፊት ቅመም ትሸጣለች። ክፉ ሴት ናት አልልም፤ ስወልድ ያረሰችኝ እሷ ናት። ግን ወሬ ሆዷ ውስጥ አያድርም። «ጂን ነው፣ ማታ ማታ ይይዛታል» ብላ አወራች። ብዙም ሳይቆይ ደንበኞቼ ከሩቅ ሰላም ይሉኝ ጀመር። አንዷ ልጅ አዝላ መጥታ፣ የሕፃኑን ጉንጭ ልነካ እጄን ስዘረጋ ወደ ኋላ አለች። እንዴት እንዳቃጠለኝ!

ቁርኣን እንዲቀራልኝ ሸኽ አመጡ። በቁርኣን አልቆጣም፤ ሲቀራ ደስ ብሎኝ ነው የሰማሁት። ያናደደኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሸኹ ከሄዱ በኋላ እኔን መሐል አስቀምጠው ባልና እህት ስለ እኔ ይመካከራሉ።

«ሶሎሎ ከተማ፣ ወንድሟ ጋ ሄዳ ትንሽ ትረፍ» አለች እህቱ። «ሱቁን እኔ አይላታለሁ።»

«እኔ እኮ እዚህ ነኝ!» አልኩ።

«አየሽ፣ እንዲህ ስትቆጪ ነው የሚነሳብሽ» አለችኝ፣ ሕፃን እንደምታባብል ድምፅዋን አለስልሳ።

ስቆጣ ጂኑ ነው፤ ዝም ስልም ጂኑ ነው። ታዲያ እኔ ራሴ መቼ ነው የምናገረው?

በማግስቱ ሱቄን ቆልፌ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ባሌ «ብቻሽን አትሄጂም» ብሎ ተከተለኝ። ሐኪሙ ከናይሮቢ የመጣ ወጣት ነው። ገና ከመቀመጣችን ዓይኑን ባሌ ላይ አድርጎ በስዋሂሊ «ምን ሆነች?» አለው። ባሌ ከኢትዮጵያ በኩል መጥቶ ያገባኝ ስለሆነ ስዋሂሊው ከዋጋ ክርክር አያልፍም። እኔ ግን እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ነው የተማርኩት። እሱ እየተንተባተበ «ጭንቀት ነው፤ ብዙ ታስባለች» አለ። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀና የእንቅልፍ መድኃኒት ሊጽፍ እስክሪብቶ አነሳ።

ከወንበሬ ተነሳሁ። «ዳክታሪ፣ ምጎንጅዋ ኒ ሚሚ!» አልኩት። ሐኪም፣ በሽተኛዋ እኔ ነኝ። «የሚንቀጠቀጠው የእኔ ገላ ነው። እኔን ጠይቀኝ።»

ውጭ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሰምተውኛል። ባሌ ክንዴን ያዘኝ፤ አስለቀቅኩት።

ሐኪሙ የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። እስክሪብቶውን አስቀመጠና «እሺ ማማ፣ ንገሪኝ» አለ። ነገርኩት። «የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ሲል ክኒኑን ከቦርሳዬ አወጣሁ። አገላብጦ አየው።

«ይሄ ደረት ይከፍታል። ግን እጅና እግር ያንቀጠቅጣል፣ ልብንም ያፋጥናል። ማታ ውጠሽው ስትተኚ ደግሞ የበለጠ ይታወቅሻል። ማንም አልነገረሽም?»

«ማን ይንገረኝ?» አልኩ።

ክኒኑን አስቁሞ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት አዘዘልኝ፤ አሳሳቡንም አሳየኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ወደ ቤት ስንመለስ ግን ከንዴቴ ብዛት አለቀስኩ። አንዲት ጥያቄ ነበረች የምትበቃው፤ የምትውጪው ነገር አለ ወይ የምትል። እሷን የሚጠይቅ ሰው እስኪገኝ ስሜ ገበያ ለገበያ ሲንከባለል ከረመ።

መንቀጥቀጡ ቶሎ ቀነሰ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ሁለተኛ ስሄድ ሐኪሙ «የቀረው ፍርሃቱ ነው፤ ገላሽ አልጋውን መፍራት ለምዷል» አለኝ። ይህንንም ለእኔ ነው የነገረኝ፣ ለባሌ አይደለም። ሲመጣብኝ ተነስቼ እቀመጣለሁ፤ ትንፋሼን ቀስ አድርጌ አወጣለሁ፤ ያልፋል። ባሌም «ጂን መጣ» ብሎ መደንገጡን ትቶ ውሃ ያመጣልኛል።

እህቱ ግን «ዱዓው ሠራ፣ ጂኑ ለቀቃት» ትላለች አሉ። ሱቋ ሄድኩ። ሴቶች ተሰብስበው ነበር።

«ዱዓውን አላህ ይቀበለው» አልኳት። «እኔን ያንቀጠቀጠኝ ግን ክኒን ነው። ጂን አለባት ብለሽ ለነገርሻቸው ሁሉ ክኒን ነው ብለሽ ንገሪያቸው።»

ቅመሟን መመዘን ሳታቆም «መዳንሽ አይበቃም?» አለችኝ።

«አይበቃም።»

እስካሁን ለአንድ ሰው እንኳ እንደነገረች አልሰማሁም። ስለዚህ እኔው እናገራለሁ፤ ሽቲ ልትገዛ ለመጣች ሴት ሁሉ፣ ሳትጠይቀኝም ጭምር።