አባቴ ዳገት ላይ ሰላምታ ሲያበዙ

ዛሬ አባቴ ከአያ ሞላ ጋር ሰላም ሲባባሉ አይቼ ደነገጥሁ።

ሁለቱ በእርሻ ወሰን ተጣልተው ከተኳረፉ ስንት ዓመታቸው።

ከደባርቅ ገበያ ወደ ቤት ስንወጣ፣ ዳገቱ መሀል አባቴ ቆም ብለው የአያ ሞላን ከብት፣ አዝመራ፣ የልጅ ልጅ ሳይቀር ደኅንነት ጠየቁ።

ታረቁ ብዬ ደስ ሊለኝ ነበር። ግን ነገሩ አልጣመኝም። ሰሞኑን አባቴ ሰላምታ የሚያበዙት ዳገት ላይ ብቻ ነው። ሜዳ ላይማ ሰው ዝም ብለው ነው የሚያልፉት።

«አባዬ፣ ደረትዎን ያምዎታል?» አልኋቸው።

«ዳገት ስወጣ ጨምደድ አድርጎ ይይዘኛል፤ ቆም ስል ይተወኛል። ይኼ ምኑ ይወራል?»

ባጃጅ ጠርቼ ሆስፒታል ወሰድኋቸው። እሳቸው መንገዱን ሙሉ «ለቆኛል እኮ» እያሉ ተከራከሩኝ።

ሐኪሙ መርምሮ «አንጃይና ነው» አለን። የልብ ደም ሥር ሲጠብ፣ ሰው ሲደክም ልቡ ደም ያንሰዋል፤ ሲያርፍ ሕመሙ ይተወዋል። ሃርት አታክ ግን ደም ሥሩ ሲዘጋ ነው፤ ቢያርፉም አይለቅም፣ የልብ ጡንቻ መሞት ይጀምራል። «ቁጭ ባሉበት ከመጣ ወይም አርፈው ካልተዋቸው፣ ነገ ሳትሉ ያኔውኑ አምጧቸው» አለ።

መድኃኒት ይዘን ገባን። እኔን ግን አንድ ነገር እየከነከነኝ ነው።

አያ ሞላም እኮ ያን ሁሉ ሰዓት ቆመው ሲመልሱ ነበር። በኩርፊያ ከአባቴ ይብሳሉ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ነበር፤ ለአክብሮት መስሎኝ።

አሁን ልጃቸው ጋ እየደወልሁ ነው።

እናንተስ ቤት፣ ዳገት ላይ ሰላምታ የሚያበዛ ማን አለ?