ለአንድ በሽተኛ የተላከ ሙዝ

ክፍሉን መጀመሪያ ሳየው ጭጋግ የገባበት መስሎኝ ነበር። ኮልፌ ውስጥ ከአንድ ፖሊስ ጣቢያ ያስገቡኝ በጥር ብርድ፣ ገና በማለዳው ነው። ከጣሪያው ሥር ካለችው ጠባብ መስኮት የሚገባው ብርሃን ከታሳሪው ትንፋሽ ጋር ተቀላቅሎ፣ ሰዎቹ በአየር ላይ የተኙ ይመስሉ ነበር። ጥፋቴ ሰልፍ መውጣት ነው። ያኔ የጃንሆይ መንግሥት ተማሪ ማሰርን መደበኛ ሥራው አድርጎት ነበር።

አብሮኝ የተያዘው ልጅ የጎጃም ቄስ ልጅ ነው። እዚያው ታመመ። ሆዱ አልያዝ ብሎት የቀመሰው ሁሉ ወዲያው ይወጣል፤ ዓይኖቹ ጎድጉደው በቀን ይቃዣል። ሐኪም ስንለምን «ይመጣል» ይሉናል። ስንቅ የሚያመጣለት ዘመድም አልነበረውም። ከጎኑ የሚተኙት ሐጂ፣ ተማሪ ቤትዎ ደብቀዋል ተብለው የታሰሩ የሰፈሩ ነጋዴ ናቸው። ምሳ በየቀኑ ይመጣላቸዋል፤ ሥጋ ያለበት ስለሆነ ግን ለልጁ አያቀርቡለትም። ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን፣ ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም እንደማይበላ ሁለቱም ከልጅነታቸው ያውቃሉ። ሐጂ ሲበሉ ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እሳቸውም ቶሎ ቶሎ ጎርሰው ይተዉታል።

አንድ ቀን እንዲህ ላለ ሆድ ምን ይሻላል ብለው ጠየቁኝ። የጤና ተማሪ ስለነበርኩ ሙዝ አልኳቸው። ለሆድ እንደሚለዝብ፣ የላላውን እንደሚይዝ፣ ሰውነት ያፈሰሰውን ጨው እንደሚመልስ ነገርኳቸው። ከጀመርኩ ወዲያ ማን ያቁመኝ፤ ለልብ፣ ለደም ግፊት እያልኩ ቀጠልኩ። ክፍሉ በሙሉ አደመጠኝ። ሁላችንም ርቦን ስለነበር የመስኮቷ ብርሃን እንኳ ቢጫ ሆኖ ታየኝ። አንዱ ዓይኑን እንደጨፈነ ልጣጩስ ምን ይጠቅማል አለኝ። ጫማ ይወለውላል አልኩት፤ ጫማችንን ወስደውብን ነበር እንጂ።

ሐጂ ልጁን አዩት። «ሙዝ መች ይታረዳል?» አሉ።

በማግስቱ ከምሳቸው ጋር ሙዝ መጣ። ዘበኛው የተደበቀ ወረቀት ለመፈለግ ስንቅን ሁሉ በጣቱ ይበረብራል። ያን ቀን የሽንት ባልዲ ሲያስደፋ አርፍዶ እጁን አልታጠበም ነበር። በዚያ እጁ አንዱን ሙዝ ሊልጥ አነሣ። ለደካማው ልጅ ያ እጅ የነካው ሙዝ መርዝ እንደሆነ አውቃለሁ። ልጮህበት ፈለግኩ፤ ብጮህ ደግሞ ሙዙን በጫማው እንደሚረግጠው አላጣሁትም።

ሐጂ ቀስ ብለው ተነሡ። ለሶላት የሚታጠቡባትን ጣሳ ይዘው በሩ ጋ ሄዱና ከዘበኛው ፊት ጎንበስ አሉ።

«ለበሽተኛ ነው፤ ላስታጥብህ» አሉት።

ታናሽ ታላቁን ያስታጥባል እንጂ አባት የሚሆን ሽማግሌ ወጣት ሲያስታጥብ ታይቶ አይታወቅም። ዘበኛው ፊቱ ቀላ።

«ኧረ በማርያም፣ አባቴ፣ ይተዉ» አለ።

አልተዉም፤ ጎንበስ እንዳሉ ቆዩ። በመጨረሻ እጁን ዘረጋ። ታጥቦ ሲጨርስ ጣሳውን ከእጃቸው ተቀበለና እሳቸውን አስታጠባቸው። ሙዙንም ሳይልጥ ሰጣቸው።

ሐጂ ልጠው ትንሽ ትንሽ እየቆረሱ ልጁን አጎረሱት። እሱ «በስመ አብ» አለ፤ እሳቸው «ቢስሚላህ»። ያን ቀን የበላው ሆዱ ውስጥ ቀረ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሙዝ መጣ፤ ልጁም እያደር ተነሥቶ መቀመጥ ቻለ።

ዛሬ ሐኪሜ «ለደም ግፊትዎ ሙዝ ይብሉ» ስትለኝ፣ እንደማያውቅ ሰው እሰማታለሁ። ሐሳቤ ግን ጥሎኝ ወደ ኮልፌው የሙስሊም መቃብር ይሄዳል። ሐጂን የቀበርናቸው ከተፈታን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የቄሱ ልጅ በአንገቱ ክር አስሮ ጉድጓዱ ዳር ቆሞ ነበር። ከለቀስተኞቹ አንዱ ምናቸው እንደሆነ ጠየቀው።

«ልጃቸው ነኝ» አለ።

የሐጂ የበኩር ልጅ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ አፈር የሚመልስበትን አካፋ አቀበለው።