«ቫይረሱ በላው» ያልኩት የአባት ድምፅ

እስከዚህ ሰሞን ድረስ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ለንስሐ አባቴም፣ ለእናቴም፣ በየማታው ለምቆምለት ሥዕልም ቢሆን እንደሆነው አልተናገርኩም። አሁንም የምናገረው ደግ ሆኜ አይደለም፤ መደበቂያ ስላጣሁ ነው።

ወሬው የደረሰኝ ደብረ ታቦር፣ እናቴ ቤት በረንዳ ላይ ምስር እየለቀምኩ ሳለ ነው። ሐዋሳ መኖር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ፤ ለዓመት እረፍት ካልሆነ አገሬ አልገባም። የደወሉልኝ እትዬ ብርቄ ናቸው፤ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት።

«የሺ፣ የአስቴር እናት አርፈዋል። ዛሬ ቀበርን» አሉኝ።

«ውይ! ነፍሳቸውን ይማር።»

«ቆይ፣ ገና ነው። ማቴዎስን አባረረችው።»

«ማንን?»

«ወንድሟን ነዋ! ከድንኳኑ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ። ‹የአባቴን ድምፅ ያጠፋ እጅ የእናቴን ሳጥን አይነካም› አለችው። ተነሥቶ ወጣ። ከአስፋልቱ ማዶ ቆሞ ነው እናቱን የሸኘው። እንዲህ ያለ ለቅሶ አይቼም አላውቅ። ምነው አንቺ በኖርሽ፤ ታስታርቂያቸው ነበር።»

እኔ አስታራቂ! ስልኩን ዘግቼ ምስሬን መልቀም ቀጠልኩ። አዎ፣ ቀጠልኩ። እናቴ «ምን ሆንሽ?» ስትለኝ «ጎረቤት ሞቶብኝ ነው» አልኳት። እውነት ነው፤ ሁልጊዜ የምናገረው እንዲህ ያለውን፣ ግማሹን እውነት ነው።

አስቴርም እዚያው እትዬ ብርቄ ግቢ ነው የምትኖረው፤ እሷንና እኔን የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ሲዳማ ናት፣ ጴንጤ ናት፣ ስትስቅ በሙሉ አፏ ነው። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ስትሠራ ሽታው እንዳይረብሸኝ ከሰሏን ይዛ ከቤቱ ጀርባ የምትዞር ሴት ናት። እኔ ይህን እንደ ደግነት አልቆጠርኩላትም፤ የሚገባኝን እንዳደረገችልኝ ቆጠርኩት። እኔ ማን ነኝና? በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ፤ ጾም የማልሽር፣ ነጠላዬ የማይቆሽሽ፣ አንድ ነገር ከመናገሬ በፊት ሦስቴ የማስብ። ጥንቁቋ የሺ! ሰዎች እንዲህ ሲሉኝ ዝም የምለው ትሕትና ይመስላቸዋል።

የአስቴር ኮምፒውተር ሳሎኗ ጥግ ዳንቴል ለብሶ የሚቀመጥ አሮጌ ዴስክቶፕ ነበር። ሲከፈት እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ሥራ ላይ ሳለ ድርግም ይልና ራሱን ያጠፋል። ሦስት ዓይነት አንቲቫይረስ ተጭኖበት እርስ በርስ ይባላሉ፤ ከመሃላቸው «እንኳን ደስ አለዎት፣ ተሸልመዋል» የሚል መስኮት ብቅ ይላል፤ አስቴር ደግሞ ብቅ ያለውን ሁሉ ትጫናለች። ናቅኳት። ዳንቴሉን ናቅሁ፣ ስክሪኑ ላይ የተለጠፈውን አበባ ናቅሁ፣ ጣቷን ናቅሁ። «እንዲህ ላለ ሰው ኮምፒውተር ምን ያደርግለታል?» አልኩ በልቤ።

ምን እንደሚያደርግላት ግን አውቅ ነበር። አባቷ ታመው በተኙበት ሰሞን ወንድሟ ማቴዎስ ድምፃቸውን በስልኩ ቀድቶ እዚያ ላይ አስቀምጦታል። በሲዳምኛ ነው፤ የዘር ሐረጋቸውን ይቆጥራሉ፣ ይመክራሉ፣ ሚስታቸውንና ልጆቻቸውን በየስማቸው እየጠሩ ይመርቃሉ። የማቴዎስ ስልክ በኋላ ሐይቁ ውስጥ ወደቀና የቀረው የአስቴር ኮምፒውተር ላይ ያለው ብቻ ሆነ። ለፍቼ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በዓሉ ከሚከበርበት ከጉዱማሌ ሜዳ ሲመለሱ እናታቸው ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጡና ምርቃቱ ይከፈትላቸዋል። አንድ ዓመት እኔም ነበርኩ። ቃሉ አልገባኝም፤ እናታቸው «አሜን» ባሉ ቁጥር ግን ሳላስበው አብሬ «አሜን» ብያለሁ።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አስቴር ጠራችኝ።

«የሺዬ፣ እስቲ እይልኝ። ፎልደሮቹ ሁሉ ቀስት አወጡ፤ ስከፍታቸው ባዶ ናቸው። ሌላው ይጥፋ፣ ግድ የለኝም። የአባዬን ድምፅ ብቻ። አደራ!»

አደራ አለችኝ። በእኛ አገር አደራ የተባለ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

«በሁለት ሰዓት ውስጥ አዲስ አድርጌ አስረክብሻለሁ» አልኳት።

ማቴዎስ ሶፋው ላይ ተጋድሟል፤ እናታቸውም አጠገቡ ተቀምጠዋል። ፒያሳ ላይ ዘፈንና ፊልም በፍላሽ የሚሞላባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው፤ ፍላሹን ከቁልፎቹ ጋር አስሮ ጣቱ ላይ ያሽከረክረዋል።

«መሪጌታ መጡ!» አለ። ሲያየኝ እንዲህ ማለት ልማዱ ነበር። «ጠበል ይዘዋል? ይሄ ማሽን ጋኔን ነው ያለበት፤ በሶፍትዌር አይለቅም።»

«አንተ ዝም በል፤ በዚያች ፍላሽህ ያመጣኸው ጉድ ነው» አለችው አስቴር እየሳቀች።

«ፍላሼ ንጹሕ ናት። እንደ መሪጌታ ነጠላ!»

ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ቀስት ያወጣ ፎልደር ምን እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። ቫይረሱ እውነተኛውን ፎልደር ደብቆ በቦታው የውሸት ምልክት ያስቀምጣል። ፋይሉ አልጠፋም፤ ተሸፍኗል እንጂ። አንዲት መስመር ትእዛዝ ጽፎ መግለጥ ነው፤ መሥሪያ ቤት በየሳምንቱ የምሠራው ሥራ። ጻፍኩ። ኮምፒውተሩ ድርግም አለ። እንደገና ከፍቼ ጻፍኩ። ድርግም። በሦስተኛው ፎልደሩ ለቅጽበት ታየኝ። «አባዬ» ይላል። አየሁት፤ በእነዚህ ዓይኖቼ አየሁት። ከዚያ ድርግም።

«መሪጌታ፣ ሁለት ሰዓቱ እያለቀ ነው» አለ ማቴዎስ።

ምን ማድረግ ነበረብኝ? ሃርድ ዲስኩን ፈትቼ፣ ሰኞ መሥሪያ ቤት በደህና ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ ድምፁን ማውጣት። ለዚህ የሚያስፈልገው «ዛሬ አልቻልኩም» የሚል አንድ ቃል ነበር። ማኅበር ነበረብኝ፣ ነጠላዬም ቦርሳዬ ውስጥ ታጥፎ ይጠብቀኝ ነበር፤ ማኅበሩን ግን ሰበብ አላደርገውም። ብዘገይ ማንም አይቀየመኝም። ያላስቻለኝ የዚያ ሰውዬ ሳቅ ነው። ዘፈን በፍላሽ የሚሞላ ሰው እኔን፣ የተማርኩትን፣ «አቃታት» እንዳይለኝ ነው።

የዲስኩ አንዱ ክፍል ዊንዶውሱ ያለበት፣ ሌላው የአባታቸው ድምፅ ያለበት ነበር። የመጀመሪያውን ብቻ ፎርማት አድርጌ ሁለተኛውን መተው እችል ነበር። ከተውኩት ግን ቫይረሱ ከዚያ ተነሥቶ በሳምንቱ ይመለሳል፤ ማቴዎስም ይስቃል። ሁለቱንም አጠፋሁ። ማሽኑ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። ከሁለታችን ያመነታው እሱ ነው። እርግጠኛ ነኝ አልኩት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ቫይረሱ አይደለም፣ መብራቱ አይደለም፣ የማሽኑ እርጅና አይደለም። እኔ አጠፋሁት።

ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ሆኖ ተነሣ። አስቴር አጨበጨበች። ከዚያ ቁጭ ብላ ፈለገች፣ ፈለገችና ቀና አለች።

«አባዬስ?»

«ቫይረሱ በልቶታል» አልኳት። ድምፄ መረጋጋቱ! «እኔ ስደርስ አልነበረም።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። ማንም ሌላ አልጠየቀኝም። ግን ጨመርኩበት፦ «እንዲህ ያለው ቫይረስ በፍላሽ ነው የሚገባው።»

ሁሉም ወደ ማቴዎስ ጣት ዞሩ። ቁልፎቹ መሽከርከር አቆሙ። አስቴር ለእናቷ በሲዳምኛ የሆነ ነገር ነገረቻቸው። እናቷ አላለቀሱም። ተነሡና፣ ዳንቴሉን አንሥተው፣ ገና የበራውን ስክሪን ሸፈኑት።

እኔ ማኅበሬ ሄድኩ። በሰዓቱ ደረስኩ።

ይህ ሁሉ ሳይበቃኝ በሦስተኛው ቀን አስቴር መጣች። «ፒያሳ የጠፋ ፋይል የሚያወጣ ሰው አለ አሉኝ፤ ልውሰድለት?» አለችኝ። ብዙ ካልተጻፈበት ያጠፋሁት ሊመለስ እንደሚችል አውቅ ነበር። ግን ያ ሰው ዲስኩን ገና ሲያየው ቫይረስ የበላው ሳይሆን እጅ ያጠፋው መሆኑን ይነግራታል። «በከንቱ አትድከሚ፤ ቫይረስ የበላው አይመለስም» አልኳት። «አንቺ ካልሽ እሺ» ብላ ተወችው። የፊተኛውን ትዕቢት እንበለው። ይህንን ምን እንበለው? ስም ካላችሁ ስጡልኝ፤ እኔ ስድስት ዓመት ፈልጌ አጣሁለት።

ማቴዎስ ፍላሹ ንጹሕ እንደነበረ ምሎ ተገዘተ። አስቴር ግን «የሺ ናት ያለችው፤ የሺ አትዋሽም» አለችው። ከዚያ በኋላ ደጇን አልረገጠም። እናቱ ሲናፍቁት በባጃጅ እየሄዱ ያዩት ነበር። እኔስ? እኔ ሁለት ጊዜ መካከላቸው ገብቼ ስለ ይቅርታ ሰብኬያለሁ። ጥፋቱን ይቅር እንድትለው! የእሱን ጥፋት! ማቴዎስ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። መሪጌታ ማለቱን ትቶ ነበር።

ለንስሐ አባቴም «ሳላውቅ የሰው ንብረት አበላሽቻለሁ» አልኳቸው። ሳላውቅ! ስግደት ሰጡኝ፤ ሰገድኩ። ጉልበቴን ሲያመኝ ጊዜ ደስ አለኝ፤ የተፋቅኩ መሰለኝ። እግዚአብሔርንም እንደ አስቴር ሊታለል የሚችል ጎረቤት አድርጌው ነበር።

ከደብረ ታቦር ስመለስ ሻንጣዬን ሳልፈታ አስቴር ቤት ገባሁ። ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኳት። ትጮኻለች፣ ትመታኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ብትመታኝ ይቀለኝ ነበርና።

«ማን ፊት ነው የምትነግሪኝ?» አለችኝ።

አልገባኝም።

«እዚህ ያለነው እኔና አንቺ ነን። እኔ ወንድሜን ያዋረድኩት ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት ነው። አንቺ በጆሮዬ ሹክ ብለሽ ልትገላገይ? ውጪልኝ የሺ።»

ወጣሁ። ማቴዎስንም ሱቁ ደጃፍ አግኝቼ ነገርኩት። ዘፈን እየሞላ ነበር፤ ቀና ሳይል «እሺ» አለኝ።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው በዚያ ለቅሶ ለነበራችሁ ነው። የፊታችን እሑድ ሁላችንም ከየአምልኳችን ስንመለስ፣ ከሰዓት በኋላ፣ እትዬ ብርቄ ግቢ ኑልኝ። ድንኳኑ ለቅሶው በነበረበት በዚያው ቦታ ላይ ይተከላል፤ ወንበሩንም ከእድሩ ለምኜ ፈቅደውልኛል። ቆሜ በአፌ እናገራለሁ። «እግዜር ይፍታሽ» እንድትሉኝ አልጠራኋችሁም፤ እባካችሁ አትበሉኝ። «ሰው ነሽ፣ ትሳሳቻለሽ» የምትል ሴትም ካለች ቤቷ ትቅር። እኔ አልተሳሳትኩም፤ አውቄ አጠፋሁት።

ማቴዎስ ይምጣ አይምጣ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ያን ቀን እኔ አልነበርኩም፤ እናንተ ነበራችሁ። ወንበሮቹን ስደረድር ቀደም ብላችሁ ኑና ከየትኛው ቦታ ላይ እንደተነሣ አሳዩኝ። የእሱን ወንበር እዚያ አስቀምጣለሁ፤ ቢሞላ እንኳ ማንም እንዳይቀመጥበት።